ዘይት መብላት ተፈጥሮዋ ለሆነ መኪና የቱ ዘይት ይሻላል?

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ የገዥ የመጀመሪያ ጥያቄ ይታወቃል። «ዘይት ትበላለች?» ነው። ሻጩ «ኧረ ጠብታ አትነካም!» ካላለ ዋጋው እዚያው ይወርዳል። የእኔዋ ማዝዳ አርኤክስ-8 ግን ዘይት ትበላለች። በየ1,500 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ገደማ ትጨርሳለች። አልታመመችም፤ ተፈጥሮዋ ነው። እንዲያውም አንድ ቀን መብላት ብታቆም ነው የምደነግጠው።

ሰሞኑን ሁለት ሰዎች ስለዚህች መኪና ጠየቁኝ። አንዱ ጎንደር ያለ ወዳጄ ነው፤ ገዝቷታል። ሌላው እዚሁ ከተማ ሊገዛ እየተደራደረ ነው። ሁለቱም የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ምን ዘይት ልጨምር?» በስልክ ከማስረዳት ልጻፈው አልኩ።

በመጀመሪያ ሞተሩን እንወቀው፤ ዓይነቱ ሮታሪ ይባላል። ፒስተን የለውም። ቫልቭ የለውም። ቴስታታ (የሞተር ራስ) የለውም። ሐሳቡን ያመነጨው ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ነው። ማዝዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ኮስሞ በተባለችው መኪና ጀምሮ ሌሎች ሲተዉት እሱ ይዞት ቀጠለ። በ1991 በሮታሪ ሞተር የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፏል። አርኤክስ-8 የተመረተችው ከ2003 እስከ 2012 ነው። ሞተሯ ሬኔሲስ ይባላል። ሁለት ሮተር (ውስጡ የሚሽከረከር አካል) አለው፤ እያንዳንዱ 654 ሲሲ፣ በድምሩ 1.3 ሊትር። በዚህች መጠን ባለ ማኑዋል ማርሿ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ትሄዳለች።

ሮተሩን ጎኖቹ ያበጡ ሳምቡሳ አድርጋችሁ አስቡት። ሳምቡሳው በሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል። ሦስቱ ጫፎቹ የቤቱን ግድግዳ ሳይለቁ ይታከካሉ። በየጫፉ ቀጭን ማሸጊያ ብረት ተሰክቷል፤ አፔክስ ይባላል። በተለመደው ሞተር ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው አፔክስ ነው። ልዩነቱ ግን አለ። የፒስተን ፋሻ ከታች በሚረጭ ዘይት ይርሳል። አፔክስ ጋ ግን ከታች የሚደርስ ዘይት የለም። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ተገጠመች። ከሞተሩ ዘይት እየቀዳች በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውስጥ ታንጠባጥባለች። ያ ዘይት አፔክሱን ያርሳል፣ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል፣ በማርሚታ ይወጣል።

ምርጫውን የሚያከብደው ይኸው ነው። አንዱ ዘይት ሁለት ሥራ አለበት። እዚያው ሞተሩ ውስጥ እየዞረ ዘንጉን መሸከምና ሮተሩን ማቀዝቀዝ አለበት፤ ለዚህ ጠንካራ መሆን ይጠበቅበታል። ተንጠባጥቦ ሲገባ ደግሞ አመድና ጥላሸት ሳይተው መቃጠል አለበት። ሌላ መኪና ላይ «ጥሩ ዘይት» ማለት የማይቃጠል ዘይት ነው። እዚህ ጥሩ ዘይት ማለት ሲቃጠል ንጹሕ የሆነ ነው። ይህን ከያዛችሁ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ራሱ ይመጣል።

ሱቅ ገብታችሁ «የሞተር ዘይት» ስትሉ የምታገኙት በአብዛኛው አራት ዓይነት ነው። 5ደብልዩ-30 አለ፤ ለአዳዲስ የቤት መኪና የሚሸጠው። 10ደብልዩ-40 አለ። ለጭነት መኪና የሚሆን 15ደብልዩ-40 የናፍጣ ዘይት አለ። ባጃጅና ሞተር ሳይክል የሚወስደው 20ደብልዩ-50 ደግሞ በየመንደሩ አለ።

ማዝዳ ለአሜሪካ ገበያ ያዘዘው 5ደብልዩ-20 ነበር፤ ለአውሮፓ ደግሞ 5ደብልዩ-30። መጽሐፉ ላይ ያለውን ብቻ የሚያይ ሰው 5ደብልዩ-20 ፍለጋ ከተማውን ሊዞር ይችላል። አያስፈልግም። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር የሚናገረው ስለ ብርድ ነው፤ ያውም ውሃ ከሚረጋበት በታች ስላለ ብርድ። ባሕር ዳር በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ቢበርድ ቢበርድ ጋቢ የሚያስደርብ ነው። ስለዚህ በ5 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ ብዙም አይደለም። ለእኛ ቁም ነገሩ ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ዘይቱ ሲግል ምን ያህል ውፍረት ይዞ ይቆያል የሚለው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሮታሪ ሞተር ያልተቃጠለ ቤንዚን ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። አጭር መንገድ የሚሄድ ሰው ላይ ይህ ይብሳል። ቤንዚን የገባበት 20 ወይም 30 ይቀጥናል፤ የዘንጉ ኩሽኔታም ያንን አይወድም። እነዚህን ሞተሮች ፈትተው የሚሠሩ ሰዎች ያለቀ ኩሽኔታ ደጋግመው የሚያገኙት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ የእኔ ምርጫ 10ደብልዩ-40 ነው። ከተማ ውስጥ ከባጃጅ ኋላ እየተጎተትኩ እውላለሁ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የአባይን በረሃ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት ለዘይት ከባድ ፈተና ነው። 40ው ያን ጊዜ ይታመናል። 5ደብልዩ-30 ብታገኙና ከታመነ ቦታ ከሆነ፣ እሱም አይከፋም። መንዳታችሁ ረጋ ያለ ከሆነ ይበቃል።

20ደብልዩ-50ን ብዙ ሰው ይመክራል። «መኪናዋ ዘይት ከበላች ወፈር ያለ ጨምርባት» የሚል የቆየ ምክር አለ። ፋሻው ላለቀ ፒስተን ሞተር ይሠራ ይሆናል። እዚህ ግን ዘይቱ የሚገባው በፓምፕ ተለክቶ ነው፤ በማወፈር አታስቆሙትም፣ ማስቆምም አትፈልጉም። ወፍራም ዘይት ጠዋት ሞቶሪኖውን (ማስነሻውን) ያከብደዋል። ይህ ሞተር ደግሞ በፍጥነት ካልተሽከረከረ አይነሳም። ባጃጅ ለባጃጅ ይቅር።

የናፍጣውን 15ደብልዩ-40 ፈጽሞ አልመክርም። ለናፍጣ ሞተር ድንቅ ነው። ጥላሸት ለማጠብ የተጨመረበት ቅመም ግን ሲቃጠል አመድ ይተዋል። አመዱ አፔክሱ የተሰካበት ጎድጓዳ ላይ ይጋገራል፤ አፔክሱ በሞላዋ (በስፕሪንጓ) እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ይይዘዋል። ያኔ ግፊት ማምለጥ ይጀምራል። ከፊሉም ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ይበክላል። ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ፣ ግን ይቅርባችሁ።

ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀመመ) ወይስ ማዕድን (ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ)? እዚህ ላይ ሰው ይጣላል። ማዝዳ በአሜሪካ ለዚህ ሞተር ሲንተቲክ ሳይመክር ነው የኖረው። ፍርሃቱ አንዳንዱ ሲንተቲክ ሲቃጠል ዝቃጭ ይተዋል የሚል ነበር። ዛሬ ግን ለሮታሪ ብለው ሲንተቲክ የሚሠሩ አሉ፤ የጃፓኑ ኢደሚትሱ አንዱ ነው። እኔ ከፊል ሲንተቲክ እጠቀማለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው። ዘይቱን በየ4,000 ኪሎ ሜትር፣ ቢዘገይ በ5,000 ስለምቀይረው የሙሉ ሲንተቲክ ረጅም ዕድሜ አይጠቅመኝም። በረጅም ዕድሜው ምክንያት ውድ የሆነን ነገር ዕድሜው ሳያልቅ መድፋት ነው። ንጹሕ ማዕድን ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር ከውድ ሲንተቲክ አዘግይቶ ከመቀየር ይበልጣል። በዚህ እምነቴ ጸንቻለሁ።

ዘይቱን ስትቀይሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚወጣላችሁ በሞተሩ ውስጥ ካለው ግማሽ ያህሉ ነው። ቀሪው በማቀዝቀዣዎቹና በቱቦው ውስጥ ይቀራል። ለዚህም ነው ቶሎ ቶሎ መቀየሩ የሚጠቅመው። ፊልትሮው ከላይ ስለሆነ በእጅ ይደረሳል፤ በየቅየራው ቀይሩት። መካኒኩ «ፊልትሮውን በሚቀጥለው» ካላችሁ እሺ አትበሉ።

ስለ ተመሳስሎ የተሠራ ዘይትም ልናገር። ጀሪካኑ እውነተኛ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ ዘይት ገበያው ውስጥ አለ። የክዳኑ ቀለበት የተነካ ከሆነ አልገዛም። በጣሳ ተቀድቶ የሚሸጥ አልነካም። ከቀየርኩ በኋላ ደግሞ ባዶውን ጠርሙስ በሚስማር በስቼ ነው የምጥለው፤ ሌላ ሰው እንዳይሞላበት። ከማይታወቅ 5ደብልዩ-30 የሚታወቅ 20ደብልዩ-50 ይሻላል።

የዘይት መለኪያውን ሁለት ጊዜ ቤንዚን በቀዳችሁ ቁጥር አንዴ ተመልከቱ። ማደያው ሜዳ ላይ ነው፣ ሞተሩም ሞቋል። አጥፉ፣ አምስት ደቂቃ ታገሡ፣ ሳቡት፣ ጥረጉት፣ መልሳችሁ ሳቡት። የባሕር ዳር ሜዳነት እዚህ ይጠቅማል። ከላይኛው ምልክት ግን አታሳልፉ፤ የተረፈው በአየር መሳቢያው በኩል ይመለሳል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ቤንዚን ውስጥ ስለሚጨመረው ዘይት።

ፓምፗ የምታንጠባጥበው የሞተር ዘይት ነው። የሞተር ዘይት ደግሞ እንዲቃጠል ታስቦ አልተሠራም። እንዲቃጠል ታስቦ የተሠራ ዘይት ግን አለ፤ የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ነው። ብዙ የሮታሪ ባለቤቶች ከፓምፗ በተጨማሪ ከዚህ ዘይት ጥቂት ቤንዚናቸው ውስጥ ይጨምራሉ። እኔም መጀመሪያ የት እንደማገኘው ጨንቆኝ ነበር። ለካ መልሱ ሐይቁ ዳር ነው! ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ከሚሄዱት ጀልባዎች ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላቸው የሚኖሩት በዚህ ዘይት ነው።

አንድ ጠዋት ወደብ ወርጄ አንድ ትልቅ ሰው ጀልባቸውን ሲያሰናዱ አገኘሁ። ቢጫ ጀሪካን በእግራቸው መሐል ይዘዋል። መጀመሪያ ዘይቱን አፈሰሱ፣ ከዚያ ቤንዚኑን በላዩ ለቀቁት፣ ክዳኑን ዘግተው አገላበጡት።

«ጋሼ፣ ስንት በስንት ነው?» አልኳቸው።

«ሃያ ሊትር ላይ አራት መቶ ሚሊ። ካነሰ ሞተሩ ይነክሳል፣ ካበዛህም ካንዴላው ይጠቁራል» አሉኝ። ከዚያ መኪናዬን አዩና «ለእሷ ነው እንዴ? ለእሷማ ይበዛል» አሉ።

ልክ ናቸው። የእሳቸው 50 ለ 1 ነው። ለእኛ ሩብ ያህሉ፣ ማለትም 200 ለ 1 ይበቃል። 40 ሊትር ስትቀዱ 200 ሚሊ ማለት ነው። እንደ እሳቸው መጀመሪያ ዘይቱን ታንከሩ ውስጥ አፍስሱ፣ ከዚያ ቤንዚኑን አስቀዱ። ራሱ ይደባለቃል።

የትኛው ሁለት ምት? ጠርሙሱ ላይ ቲሲ-ደብልዩ 3 የሚል ካለ ለጀልባ ሞተር የተሠራ ነው፤ አመድ አልባ ነው። ጃሶ ኤፍዲ የሚል ካለ ለሞተር ሳይክልና ለመሳሰሉት ነው፤ ጭሱ ትንሽ ነው፣ ሙቀትም ይችላል፣ ጥቂት አመድ ግን አለው። ሁለቱንም የሚጠቀሙ አሉ። እኔ ሐይቁ ዳር ስለማገኘውና አመድ ስለሌለው የጀልባውን መርጫለሁ። ምንም ያልተጻፈበትን አትግዙ። የባጃጅ ዘይት ቤንዚን ውስጥ አትጨምሩ፤ ለዚያ አልተሠራም። ደግሞም ይህ ተጨማሪ እንጂ የፓምፗ ምትክ አይደለም። «ከደባለቅክ ፓምፗን ዝጋት» የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ። አንድ ቀን መደባለቁን ከረሳችሁ አፔክሱ ደርቆ ይቀራል።

በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር ከሚሸጥ ቤንዚን ግን ራቁ። ሠልፉ ሲረዝም ፈተናው ይገባኛል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሩን ያንኳኳል። ፒስተን ሞተር ሲንኳኳ ታግሦ ይቆያል። አፔክስ ሲንኳኳ ይሰበራል።

ክረምት ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ፤ ለጎንደሩ ወዳጄ በተለይ። ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ሳያባራ ሳምንት ሆኖታል። እኔም ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ብቻ እመላለሳለሁ። አንድ መካኒክ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ከፈተና ጣቱን ወደ ውስጥ ላከ። ጣቱ እርጎ የነካ መሰለ። ነጭ፣ ወፍራም አረፋ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ጓርኒሲዮን ሄዷል፤ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል። ቴስታታው ይውረድ» አለኝ። በሥራው የተመሰገነ ሰው ነው። ይህን ሞተር ግን አይቶት አያውቅም፤ የሚወርድ ቴስታታም የለውም።

የዘይት መለኪያውን ሳብኩት። ንጹሕ ዘይት ነው። የራዲያተሩን ውሃ አየሁ፤ አልጎደለም። አረፋው ያለው መጨመሪያው አንገት ላይ ብቻ ነው። አንገቱ ረጅም ነው፤ ከሞተሩ ርቆ ስለሚቆም ይቀዘቅዛል። እርጥብ አየርና አጭር ጉዞ ሲገናኙ እንፋሎቱ እዚያ ይረጋል። በጨርቅ ጠረግኩት። ከዚያ ቅዳሜ የአባይን ድልድይ ተሻግሬ በጎንደር መንገድ እስከ ወረታ ደርሼ ተመለስኩ። አረፋው ጠፋ። መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ራሱ ቡና በወተት ከመሰለ ወይም ውሃው የሚጎድል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ አትንዱት።

ይህ ሞተር ቀስ ብሎ መነዳትን አይወድም። ጥላሸት ይይዛል። በደንብ ሲሞቅ፣ ከተማውን ወጥታችሁ መንገዱ ገላጣ ሲሆን፣ በሁለተኛ ማርሽ እስከ 7,000 ዙር አድርሱት። ከብትና ባጃጅ የሌለበት ቦታ ምረጡ እንጂ። ዳገት ላይም በከፍተኛ ማርሽ አታስጨንቁት፤ ማርሹን ቀንሱና ዙሩን ስጡት።

ሌላው ልማድ የማስነሳት ጉዳይ ነው። ግቢ ውስጥ ጎረቤት ባጃጁን ሊያወጣ «እስቲ ትንሽ አስጠጋልኝ» ይላል። ቀዝቃዛ ሞተር አስነስታችሁ ሦስት ሜትር አንቀሳቅሳችሁ ታጠፋላችሁ። በማግስቱ አትነሳም፤ ካንዴላዎቹ በቤንዚን ርሰዋል። የግድ ማንቀሳቀስ ካለባችሁ ሙቀቱ እስኪነሳ ጠብቃችሁ አጥፉ፣ ወይም ገፍታችሁ አስጠጉ። ከረጠበ ደግሞ የቤንዚኑን ፔዳል እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ሞቶሪኖውን ለአሥር ሰከንድ ያህል ስጡ። ፔዳሉ እንዲያ ሲረገጥ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይቆርጣል፣ ውስጡ ይደርቃል። አሳርፋችሁ ድገሙት።

ካንዴላ አራት አለ። ሁለቱ የታች፣ ሁለቱ የላይ ናቸው፤ ዓይነታቸው አንድ አይደለም፣ አታቀያይሯቸው። ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ኮይሎችም አራት ናቸው፣ ደካማ ናቸው፣ በ50,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀይሯቸው። ኮይል ሲደክም ቤንዚን ሳይቃጠል ያልፋል፣ ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ይነድዳል፣ ካታሊስቱ ይቀልጥና ይዘጋል፣ ሙቀቱ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሞተር ገደለ የሚባለው ብዙ ጊዜ በአንድ ኮይል ይጀምራል።

ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙሉ። ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ አድርጉ። ሞተሩ አሉሚኒየምና ብረት ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ አንዴ በጣም ከሞቀ በመካከሉ ያሉት የውሃ ማሸጊያዎች ይቃጠላሉ። የሙቀት ጌጁን ደግሞ ብዙ አትመኑት። ሰፊ የሙቀት ልዩነት እያለ መሐል ላይ ቆሞ ይቆያል። በስልክ የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ሰክታችሁ ቁጥሩን እዩ። 105 ዲግሪ ሲጠጋ ጥግ ያዙ።

አሁን ልትገዛ ላለኸው ወንድሜ። የሞተሩን ግፊት (ኮምፕሬሽን) ሳታስለካ አትግዛ። ፋብሪካው ያስቀመጠው ጤነኛ ቁጥር 8.5 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ ዝቅተኛው 6.9፤ ሁለቱም በ250 ዙር። ይህ ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከታችኛው 80 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር እዚህ 6.8 አካባቢ ቢያሳይህ አትደንግጥ። ፋብሪካው ዝቅተኛ ያለው 6.9 እዚህ 5.5 ይሆናል። ቁጥሩን ሳያሰላ «ሞታለች» የሚልህም፣ 5.2 አይቶ «ከፍታው ነው» የሚልህም አለ።

ተራ መለኪያ ከፍተኛዋን ብቻ ስለሚይዝ አይበቃም። የሮተሩ ሦስቱም ገጽ መታየት አለበት። ልዩ መለኪያው ከሌለ ከተራው ላይ አየር የምትይዘዋን ቫልቭ አስወጣና ሞቶሪኖውን አስዙር። መርፌዋ ሦስት ጊዜ እኩል መዝለል አለባት። አንዴ በደንብ ዘላ ሁለቱን ካነከሰች አንዱ አፔክስ የለም።

እሱም ካልተገኘ፣ ባለቤቱን «እስከ ጢስ አባይ እንሂድ» በለው። ሞተሩ እንደሞቀ እዚያ አስጠፋና ቡና ጠጡ። አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ አስነሳት። ወዲያው ካልተነሳች፣ እያጓተተች ከሆነ፣ ግፊቷ ወርዷል ማለት ነው። ያኔ የምትነጋገሩት ስለ መኪና ሳይሆን ስለ ሞተር እድሳት ዋጋ ነው።